«ልጅ አላቸው» ተብለው ስለተሰረዙት አረጋውያን

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። በሰፈራችን የሴፍቲኔት (መንግሥት ለድሃ ቤቶች የሚሰጠው ድጋፍ) ተጠቃሚዎችን በሚመለምለው ኮሚቴም ተመርጬ አገለግላለሁ። እድራችን ሲመሠረት በየቤቱ ስድስትና ሰባት ሰው ነበር። ዛሬ ከ180 አባል ቤቶች በ22ቱ የሚኖሩት አንድ አንድ አረጋዊ ብቻ ናቸው። ሦስት ቤቶች እንቅልፍ ይነሱኛል። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የፋብሪካ ጡረታ ስለሚቀበሉና አዲስ አበባ ልጅ ስላላቸው ከዝርዝሩ ተሰረዙ። በታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ አንድ አባት ባለቤታቸው ከአልጋ አይነሱም፤ እሳቸው ግን «ይሠራሉ» ተብለው ለጽዳት ሥራ ተመዘገቡ። ሦስተኛዋ ጠላ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ በኪራይ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አሉ። ድጋፍ ተፈቅዶላቸዋል፤ ኪራዩን እንኳ አይሸፍንላቸውም። ክፍለ ከተማው የማሻሻያ ሐሳብ በጽሑፍ እንድናቀርብ ጠይቆናል። ምን ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሦስቱ ቤቶች ሦስት የተለያየ ጉዳይ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። የድጋፍ አሠራራችን የተቀረጸው አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ከአንድ መሶብ የሚበሉበትን ቤት በማሰብ ነው። እንዲህ ባለ ቤት አረጋዊው ገንዘብ ባይኖራቸውም እሳት የሚያነድ፣ ሐኪም ቤት የሚወስድ ሰው አለ። ድጋፉ በነፍስ ወከፍ ቢታደልም አይጎዱም። «ልጅ አለ» ማለትም ጧሪ አለ ማለት ነበር። ቤቱ ሲያንስ እነዚህ ግምቶች አብረው ይፈርሳሉ። ስለዚህ የምትጽፉት ሐሳብ «እገሊት ትግባልን» የሚል አቤቱታ ከሚሆን፣ ግምቶቹ እንዲታረሙ የሚጠይቅ ይሁን። ሦስቱን ቤቶች ስም ሳትጠቅሱ እንደ ማስረጃ አያይዟቸው።

በስብሰባው ላይ «ኢትዮጵያ የወጣት አገር ናት፤ ይህ የሀብታም አገር ጣጣ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በአገር ደረጃ ወጣቱ መብዛቱ እውነት ነው፤ ከተማው ግን ይቀድማል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በገጠር አንድ ቤት በአማካይ 4.9 ሰው፣ በከተማ 3.5 ሰው እንዳለው መዝግቧል። የገጠሯ ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.2 ልጅ ስትወልድ የከተማዋ 2.3 ነበር። ሁለት ልጅ ወልደው አንዱን ለአዲስ አበባ፣ አንዱን ለዓረብ አገር የሸኙ እናት በሰባ ዓመታቸው ብቻቸውን ይቀራሉ። ደቡብ ኮሪያም የተነሣችው ከብዙ ልጅ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. አካባቢ አንዲት ኮሪያዊት በአማካይ 6 ያህል ልጅ ትወልድ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከሕዝቧ 20 በመቶው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነ፤ ከሦስት ቤት አንዱም የአንድ ሰው ቤት ሆኗል። የድጋፍ ሕጓን ዘግይታ ነው ያረመችው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ የገንዘቡን ስሌት እንያዝ፤ ጠላ ሻጯን እናት የጎዳቸው እሱ ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር (ከክልላችን የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች፤ ባሕር ዳር በኋላ ነው የገባችው) የቀጥታ ድጋፍ (መሥራት ለማይችሉ ያለ ሥራ የሚሰጠው ገንዘብ) ተመኑ በሰው በወር 170 ብር፣ በአንድ ቤት እስከ 4 ሰው ነበር። አራት ሰው ያለበት ቤት 680 ብር፣ ብቻቸውን ያሉ እናት 170 ብር ያገኛሉ ማለት ነው። የክፍል ኪራይ ግን ለአንድ ሰው ሲሆን በሩብ አይቀንስም። ከሰልም፣ አምፖልም፣ የእድር መዋጮም እንዲሁ። በብዙ አገር የቤት ወጪ ሲነጻጸር አራት ሰው ያለበት ቤት የአንድ ሰው ቤት 4 እጥፍ ሳይሆን 2 እጥፍ ያህል ያስፈልገዋል ተብሎ ይሰላል። በዚህ ሚዛን 680 ብር ለአራት ሰው ልክ ከሆነ፣ ለአንድ ሰው ልኩ 340 ነው። እናትየዋ የሚያገኙት የዚህን ግማሽ ነው። የአሁኑን ተመን ከክፍለ ከተማው ወስዳችሁ በ170ው ቦታ አስገቡት፤ ቁጥሩ ቢለወጥ ጥምርታው አይለወጥም።

መፍትሔው ክፍያውን ለሁለት መክፈል ነው፤ ለቤቱ አንድ መነሻ፣ ከዚያ ለሰው ተጨማሪ። ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ በዓብዪ ዓዲና በሕንጣሎ ወጀራት የተሞከረው የማኅበራዊ ገንዘብ ድጋፍ ለቤቱ 155 ብር መነሻ ሰጥቶ፣ በቤቱ ላለ ጥገኛ አረጋዊ 60፣ ለአካል ጉዳተኛ አዋቂ 50፣ ለሕፃን 25 ብር እያለ ይጨምር ነበር። ኮሪያም መሠረታዊ የአረጋውያን ጡረታዋን ባልና ሚስት ሁለቱም ሲቀበሉ ከእያንዳንዳቸው 20 በመቶ ትቀንሳለች። ሁለቱ አብረው የሚያገኙት የአንድ ሰው 1.6 እጥፍ ነው፤ ብቻውን ያለው ሙሉውን ይወስዳል።

እዚህ ላይ ብዙ የማሻሻያ ሐሳብ ይሰናከላል። በምሳሌ ብናሰላው፣ ድጋፍ የሚያገኙ 100 ቤቶች አሉ እንበል፤ 40ው የአንድ ሰው፣ 30ው የሁለት፣ 30ው የአራት ሰው። ባጠቃላይ 220 ሰው፣ በ170 ሲባዛ በወር 37,400 ብር። በዚሁ ገንዘብ ለቤት 150፣ ለሰው 100 ብር ቢታደል 37,000 ይሆናል። ብቻውን ያለው ከ170 ወደ 250 ከፍ ይላል፤ ሁለት ሰው ከ340 ወደ 350። አራት ሰው ያለበት ቤት ግን ከ680 ወደ 550 ይወርዳል። ያ ቤት ሕፃናት ያሉበት ቤት ነው። ከሕፃን ሰሐን ቀንሶ ለአረጋዊ መስጠት አይገባም፤ ኮሚቴውንም ለሁለት ይከፍለዋል፤ በጎረቤት መካከል ቂም ይተክላል። እኛ የምንመክረው ነባሩን የነፍስ ወከፍ ክፍያ እንዳለ ትቶ፣ ለሥራ የደረሰ ሰው ለሌለበት ቤት ብቻ 100 ብር መነሻ መጨመር ነው። በምሳሌያችን 40ዎቹ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ዓይነት ቢሆኑ 4,000 ብር ይጨምራል፤ ከጠቅላላው 11 በመቶ እንኳ አይሞላም። ኃላፊው «በጀት የለም» ቢሉ «በሚቀጥለው የተመን ማስተካከያ ጭማሪው በቅድሚያ በዚህ መልክ ይግባ» በሉ። ጭማሪን መቅረጽ ነባር ክፍያን ከመንካት ይቀላል።

የአገላለጹን ጥንቃቄ አትለፉት። «ብቻቸውን ለሚኖሩ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ እናትየዋ ባሕር ዳር ለትምህርት የመጣች የልጅ ልጃቸውን ቤት ባስገቡ ዕለት መነሻው ይቀርባቸዋል። ሰው ወይ ልጅቷን ይመልሳል፣ ወይ ይደብቃል። ብቸኝነትን የሚሸልም ደንብ አትጻፉ። «ዕድሜው ከ18 እስከ 59 የሆነ፣ መሥራት የሚችል ሰው የሌለበት ቤት» ብትሉ ባልና ሚስት አረጋውያንም፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶችም ይገባሉ።

አሁን ወደ ፋብሪካው ሠራተኛ ባለቤት። የተሰረዙት በሁለት ምክንያት ነው፤ ሁለቱንም ለየብቻ ማፍረስ ያስፈልጋል።

ጡረታውን በተመለከተ፣ ሕጉ የሚያሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ላገለገለ 30 በመቶ፣ ከ10 በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ሲሞት ለባለቤቱ የሚተላለፈው የዚህ ግማሽ ነው። አማካይ ደመወዙ 1,200 ብር የነበረ ሠራተኛ 660 ብር ጡረታ ይወጣለታል፤ ባለቤቱ 330፣ በየጊዜው የተደረጉትን ጭማሪዎች ሳንቆጥር። ጡረታ በየጊዜው በሚሰጥ ውሳኔ ይጨምራል እንጂ ጤፍ በጨመረ ቁጥር አብሮ አይጨምርም። ስለዚህ በመመልመያ ቅጹ ላይ «ጡረታ አለ/የለም» የሚለውን ጥያቄ «በወር ስንት ብር ጡረታ ይገባል?» በሚል ይተኩት፤ ማስረጃው የሦስት ወር የባንክ ደብተር ነው። ገንዘቡ ከድጋፉ ልክ ካነሰ ልዩነቱ ይሞላላቸው። በሌላ በኩል እናትየዋ ቆሎ ወይም ጌሾ ሸጠው የሚያገኟትን ጥቂት ብር ከድጋፉ ላይ አትቀንሱባቸው። ከቀነሳችሁ ወይ ሥራውን ይተዋሉ፣ ወይ ይዋሻሉ፤ ሁለቱም ይጎዳል።

«ልጅ አላቸው» የሚለው ከሁሉ የከፋው ነው። በኮሪያ ለረጅም ዓመታት ገቢ ወይም ንብረት ያለው ልጅ ያለው አረጋዊ፣ ልጁ አምስት ሳንቲም ባይልክም ከኑሮ ድጋፍ ይወጣ ነበር። ድጋፍ ለማግኘት አረጋዊው ከልጁ ጋር መቆራረጡን ማስረዳት ነበረበት። ወላጅ ልጁን በመንግሥት ፊት እንዲከስ የሚያስገድድ ሕግ ስለሆነ ብዙዎች ሳያመለክቱ ቀሩ። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በጣም ሀብታም ልጆችን ብቻ አስቀርተው፣ ይህን መመዘኛ ከኑሮ ድጋፉ አነሱት። እኛ ዘንድም ልጅ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ በቤተሰብ ሕጉ አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው። ግን ልጇን ፍርድ ቤት የምትገትር ባሕር ዳሬ እናት ስንት ናት? ግዴታው በልጁ ላይ እንዳለ ይቆይ፤ እናትየዋ ግን እስኪፈጸም ድረስ አይራቡ።

በቅጹ ላይ ልጆች ስንት እንደሆኑና የት እንዳሉ ከመጠየቅ፣ ባለፉት ሦስት ወራት በትክክል የገባውን ጠይቁ፤ በቴሌብር፣ በባንክ፣ በእጅ፣ በእህል። ሦስት ወር ያልነው በምክንያት ነው። አንድ ወር ብቻ ከተጠየቀ፣ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ የተላከ 3,000 ብር የወር ገቢ መስሎ ይመዘገባል፤ ዓመት ከተጠየቀ ማንም አያስታውስም። በዓል የገባበት ወር ከሆነ የበዓሉን ለይታችሁ ጻፉ። ጥያቄውን የሚያቀርበው ሰው ከዚያው ሰፈር ባይሆን ይመረጣል። እናቶች የልጃቸውን ስም ላለማጉደፍ ሲሉ በጎረቤት ፊት «ይልክልኛል» ይላሉ፤ ያ ክብር ነው፣ ቅጹ ላይ ሲሰፍር ግን ረኀብ ይሆናል። ከቤት ውጭ፣ ለብቻ፣ በዝግታ ጠይቋቸው።

ዓሣ አጥማጁ አባት ጡረታ የሚባል ነገር የላቸውም፤ የጡረታ ሕጉ በደመወዝና በቀጣሪ ላይ የቆመ ነው፣ ጣና ደግሞ ደመወዝ አይከፍልም። የእሳቸው ቤት የተበላሸው «መሥራት የሚችል» የሚለው ቃል ስለ ሰውየው ብቻ ስለሚጠይቅ ነው። ከአልጋ የማትነሣ ሴት ቁስል እንዳይወጣባት በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባት። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ልብስ መቀየር አለ። ባልየው ማለዳ መጥረጊያ ይዘው አራት ሰዓት ውጭ ቢቆዩ፣ የሚያገኙትን የቀን ሂሳብ በቁስል ሕክምና ይመልሱታል። በሐሳባችሁ ውስጥ ይህን ዐረፍተ ነገር እንዳለ አስገቡ፦ «በቤቱ ያለው መሥራት የሚችል ብቸኛ ሰው ያለ ረዳት መቆየት የማይችል ሰው የሚያስታምም ከሆነ፣ ቤቱ በቀጥታ ድጋፍ ይመዝገብ።» ማረጋገጫው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ድረስ መጥታ አይታ የምትሰጠው ወረቀት ይሁን፤ የሆስፒታል ቦርድ ማስረጃ ከተጠየቀ በሽተኛዋን ተሸክሞ ፈለገ ሕይወት ማድረስ ሊጠየቅ ነው። እስከዚያው ድረስ እኒህን አባት ዛሬውኑ ከጽዳቱ (ከአካባቢ ልማት) ሥራ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወሩ አመልክቱላቸው፤ መመሪያ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የዕድሜ ማስረጃ ጣጣ ይመጣል። የልደት የምስክር ወረቀት ያለው አረጋዊ ጥቂት ነው፤ መታወቂያ ላይ የተጻፈው ዓመትም ብዙ ጊዜ በግምት ነው። የታወቀ ክስተት እየጠራችሁ ዕድሜ አስሉ፤ በ1953 ዓ.ም. በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ስምንት ዓመት ገደማ የነበሩ ሰው በ1945 አካባቢ ተወልደዋል፤ በ2018 ዓ.ም. 73 ይሆናሉ። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ያገቡ ነበሩ ወይስ ገና? የመጀመሪያ ልጃቸው ስንት ዓመቱ ነው? ሁለት መልስ ከተስማማ ይበቃል። ለፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገቡ በሥራ ብዛት አሻራቸው የጠፋ እጆች በመሣሪያው ላይ አልነበብ ይላሉ፤ ምዝገባው የዓይን አሻራም ይወስዳልና መዝጋቢው «አልተሳካም» ብሎ እንዳይመልሳቸው አብሯቸው የሚሄድ ሰው መድቡ።

ከክፍለ ከተማው በፊት የራሳችሁን እድር እዩ፤ መዋጮው በቤት ስለሆነ ብቻቸውን ያሉት እናት ከሰባት ሰው ቤት እኩል ይከፍላሉ፤ ለአንድ ቀብር። ለምሳሌ የወር መዋጮው 50 ብር ቢሆንና 22ቱ በግማሽ ቢከፍሉ የሚጎድለው በወር 550 ብር ነው። ለቀሩት 158 ቤቶች ሲካፈል ከ4 ብር በታች። በጠቅላላ ጉባኤ ለማጽደቅ የማይከብድ ቁጥር ነው፤ ለክፍለ ከተማውም «እኛ ጀምረናል» ለማለት ያበቃችኋል። አንዳንድ እድሮች የቀብሩን ገንዘብ ከፊሉን በሕይወት ሳሉ ለመስጠት ያስባሉ። ይህን አንመክርም፤ አረጋውያን የበዙበት እድር ካዝናው ቶሎ ይራቆታል፤ ቃል የተገባለት ቀብርም ይጎድላል። እርዳታ ከፈለጋችሁ ለብቻው የተያዘ አነስተኛ መዋጮ ክፈቱ።

የጤና መድኑንም ተመልከቱ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ በቤተሰብ የሚሰላ ነው። የቀጥታ ድጋፍ ዝርዝሩንና በጤና መድኑ የመክፈል አቅም የሌላቸው ተብለው የተመዘገቡትን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስም በስም አመሳክሩ። በአንዱ ኖሮ በሌላው የጠፋ ስም ካለ፣ በእድሳት ወቅት ሳይሆን ከእድሳቱ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ አስገቡ።

አከፋፈል ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው ገንዘቡ የሚወጣበት የምሥጢር ቁጥር ነው። እናቶች ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ለጎረቤት ልጅ ይሰጣሉ፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ስንት እንደወጣ ግን አያውቁም። መሄድ ለማይችሉት በጽሑፍ የታወቀ ወኪል ይኑር፤ ወኪሉ የቤቱ አከራይ ወይም የኮሚቴ አባል መሆን የለበትም፤ የእድሩ ሰው በየሁለት ወሩ «ስንት ደረሰዎት?» ብሎ ይጠይቃቸው። ሁለተኛው የመቋረጥ ነገር ነው። ልጃቸው ለሕክምና አዲስ አበባ ወስዷቸው ሦስት ወር ቢቆዩ «ለቀዋል» ተብሎ ስማቸው ይሰረዛል። ስሙ ቢያንስ ለ6 ወር እንዲጠበቅ ጠይቁ። በምላሹ የምትሰጡት ነገር አላችሁ፤ የሰፈር ሞት ቀድሞ የሚሰማው እድር ዘንድ ነው። በየወሩ ያረፉትን ስም ለክፍለ ከተማው እናሳውቃለን ካላችሁ፣ በሟች ስም የሚወጣው ገንዘብ ይቆማል። ኃላፊዎቹ ከምንም በላይ የሚፈልጉት ይህን ነው፤ የመነሻ ክፍያውን በጀትም በከፊል ይሸፍናል።

አንድ አንቀጽ ለበላይ አካል ይጻፍ። ዕድሜው 70 ለሞላ ሰው ሁሉ፣ ድሃ ነህ አይደለህም ሳይባል፣ አነስተኛ የአረጋውያን ጡረታ መስጠት ለክፍለ ከተማ ከአቅም በላይ ነው፤ ጥያቄው ግን ከታች ካልተነሣ ከላይ አይመጣም። ዛንዚባር በ2008 ዓ.ም. ከ70 ዓመት በላይ ላሉት ሁሉ በወር 20,000 የታንዛኒያ ሽልንግ መክፈል ጀምራለች። ኬንያም ለ70 ዓመት አረጋውያን 2,000 ሽልንግ ትከፍላለች። በዕድሜ ብቻ ሲሆን የኮሚቴ ክርክር የለም፣ ልጅም አይቆጠርም፣ ጡረታ የሌለው ዓሣ አጥማጅም ይገባል። ጉዳቱ ለማያስፈልጋቸውም መድረሱ ነው፤ ዕድሜውን 70 ላይ ማስቀመጥ ቁጥሩን ይገድበዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል፤ እሱን ጥቀሱ።

ጽሑፉ ከሦስት ገጽ አይብለጥ። በመጀመሪያው ገጽ የሚለወጡትን አራት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ አስፍሩ፦ ለሥራ የደረሰ ሰው ለሌለበት ቤት መነሻ ክፍያ፣ በልጅ መኖር ፈንታ የገባ ገንዘብ፣ የአስታማሚ ቤት፣ የ6 ወር ጥበቃ። በሁለተኛው ስሌቱን፣ በሦስተኛው ሦስቱን ቤቶች። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በሰኔ የደረሰ ሐሳብ ተነብቦ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። እስከ የካቲት መጨረሻ አስገቡ፤ አንዱን ቅጂ ለማኅበራዊ ጉዳይ፣ አንዱን ለሴፍቲኔቱ አስተባባሪ፤ የሁለቱንም መዝገብ ቤት ቁጥር ከእድሩ ማኅተም ጋር ያዙ።